ባትሪ የሌለው የገንዘብ ቦርሳ፦ በባሕር ማዶ የትራንስፖርት ካርድ አመራረጥና አጠቃቀም

ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ የሚወርድ ሰው ሒሳቡን ለረዳቱ ያቀብላል፤ መልስ ካለው ይቀበላል፤ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ይላል። ምን ያህል እንደከፈለ፣ ገንዘቡ ማን እጅ እንደገባና ጉዞው መቼ እንደተጠናቀቀ ያውቃል። ለትምህርት፣ ለስብሰባ ወይም ለንግድ ባሕር ማዶ የሚሄድ ወገናችንን ግን በብዙ ከተሞች የሚጠብቀው ሥርዓት ሌላ ነው። ረዳት የለም፤ ዝርዝር ተቀባይም የለም። በለንደን አውቶቡሶች ለምሳሌ ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ቀርቷል።

በውጭ የሚታተሙ የመንገደኛ መምሪያዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ የባንክ ካርድዎን አስነክተው ይለፉ ይላሉ። ይህ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ለያዘ ሰው ይስማማው ይሆናል። የተቆጠረ የውጭ ምንዛሪ በጥሬው ይዞ ከቦሌ ለሚነሣ መንገደኛ ግን የሚቀረው አማራጭ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ ገንዘብ የሚሞላበት የትራንስፖርት ካርድ ነው። የካርዱን ጠባይ ሳያውቅ የሚጠቀም ሰው፣ ማንም ሳይሰርቀው ገንዘቡ ሲያልቅበት ያገኘዋል። በዚህ ጽሑፍ ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ገንዘቡ በእርግጥ የት እንደሚቀመጥ፣ ከዚያም በመነሣት ካርዱ እንዴት መመረጥና መያዝ እንዳለበት በቅደም ተከተል ለማየት እንሞክራለን።

ከትኬት ወደ ቦርሳ

በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አገልግሎት ሲጀምር ተሳፋሪው በጣቢያው አጠገብ የወረቀት ትኬት እየገዛ ይሳፈር ነበር። የወረቀት ትኬት የአንድ ጉዞ ደረሰኝ ነው፤ ጉዞው ሲያበቃ ዋጋው አብሮ ያበቃል። የምንነጋገርበት ካርድ ግን ደረሰኝ ሳይሆን ቦርሳ ነው። ገንዘብ ይሞላበታል፤ በየጉዞው ይቀነስበታል፤ ሲያልቅ እንደገና ይሞላል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ «ኦክቶፐስ» የተባለውን ካርድ ሥራ ላይ አዋለች። ዋሽንግተን በ1999 «ስማርትሪፕ»ን፣ ቶኪዮ በ2001 «ሱይካ»ን፣ ለንደን በ2003 «ኦይስተር»ን፣ ዱባይ በ2009 «ኖል»ን አስከተሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርባቸው ከተሞች በመሆናቸው ምሳሌዎቻችንን በብዛት ከእነዚህ እንወስዳለን።

ከተሞቹን ወደዚህ ካርድ የገፋቸው ዋነኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። የቶኪዮው ካርድ ከመግቢያው መሣሪያ ጋር የሚያደርገው ልውውጥ ሁሉ በ0.2 ሰከንድ ገደማ እንዲያልቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ካርዱ ኃይል ያገኛል፤ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ሒሳቡን ያሳያል፤ አዲሱን ሒሳብም ይጽፋል። አስደናቂው ነገር ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንዲት ባትሪ ሳይኖረው መሆኑ ነው።

ያለ ባትሪ እንዴት ይሠራል?

ካርዱ ቢሰነጠቅ በውስጡ የሚገኙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በካርዱ ዳርቻ ጥቂት ጊዜ የዞረ ቀጭን የሽቦ ጥቅልል፣ ሁለተኛው ከጥቅልሉ ጋር የተያያዘ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቺፕ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከውጭ፣ ከመግቢያው ማንበቢያ መሣሪያ ነው።

የዚህ መሠረቱ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831፣ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ሳለች፣ በለንደን ያገኘው ሕግ ነው። በአንድ ጥቅልል ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ በተለዋወጠ ቁጥር በሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በየሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ካርዱና ማንበቢያው አንድ ላይ ሲሆኑ፣ አንዱ ጥቅልል በግድግዳ፣ ሌላው በመንገደኛው እጅ ያለ ትራንስፎርመር ናቸው ማለት ይቻላል።

ቁጥሮቹን እንመልከት። የማንበቢያው መስክ በሰከንድ 13.56 ሚሊዮን ዙር ይመላለሳል። ዓለም አቀፉ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 14443፣ ካርዱ በሜትር 1.5 አምፔር በሆነ ደካማ መስክ ውስጥ እንኳ መሥራት እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ወደ 1.9 ማይክሮ ቴስላ ይሆናል። የመሬት መግነጢሳዊ መስክ በአገራችን ከ30 ማይክሮ ቴስላ በላይ ስለሆነ፣ የማንበቢያው መስክ ከመሬት መስክ አሥራ አምስተኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የመሬት መስክ ባለበት የሚረጋ በመሆኑ በተቀመጠ ካርድ ላይ ምንም ቮልቴጅ አይፈጥርም፤ የማንበቢያው ግን እጅግ ፈጣን ነው። አራት ዙርና 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅልል ብንወስድ፣ በፋራዴይ ሕግ የሚገኘው ቮልቴጅ 2 ቮልት ገደማ ነው። ጥቅልሉ ከካፓሲተር ጋር ተጣምሮ ለዚሁ ድግግሞሽ ስለሚቃኝ ቮልቴጁ ከዚህም ብዙ እጥፍ ያድጋል። ለአንዲት ቺፕ ይህ ይበቃል።

ካርዱስ እንዴት ይመልሳል? የጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ የእኛ አምፑል ደብዘዝ ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን። አምፑሉን እያየ ምጣዱ መቼ እንደተሰካና መቼ እንደተነቀለ መመዝገብ የሚችል ሰው አለ እንበል። ካርዱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በውስጡ ያለውን ጭነት ቶሎ ቶሎ ያበራል፣ ያጠፋል፤ ማንበቢያውም በራሱ ጥቅልል ላይ የሚሰማውን መዋዠቅ እንደ ፊደል ያነብባል። በዚህ መንገድ በሰከንድ ከ100,000 በላይ ቢት መልእክት ይተላለፋል።

መስኩ ከጥቅልሉ ራቅ ሲል እጅግ በፍጥነት ይዳከማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ካርዱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ካርዱን ከሩቅ ማሳየት ዋጋ የለውም፤ ማስነካትና ድምፅ ወይም መብራት እስኪሰጥ ለቅጽበት ማቆየት ይገባል።

ገንዘቡ የት ነው ያለው?

ለመንገደኛው ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ለመረዳት በአገራችን የምናውቃቸውን ሁለት ካርዶች እናነጻጽር። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያለው ቤት ነዋሪ ካርዱን ወስዶ ያስሞላል፤ ቤቱ ተመልሶ ለቆጣሪው ያስነብባል። ሒሳቡ የሚጓዘው በካርዱ ላይ ተጭኖ ነው። ተፍቆ የሚሞላው የሞባይል ካርድ ግን ቁጥሩ ከገባ በኋላ ቢጣልም ጉዳት የለውም፤ ሒሳቡ የተመዘገበው በቴሌ ኮምፒውተር ውስጥ ነውና።

የትራንስፖርት ካርዶችም እንዲሁ በሁለት ይከፈላሉ። ኦክቶፐስ፣ ሱይካና ኦይስተር እንደ ቆጣሪው ካርድ ሒሳቡን በራሳቸው ቺፕ ይይዛሉ። የመግቢያው በር ማዕከሉን ሳይጠይቅ የሚወስነው በዚህ ምክንያት ነው። የኒው ዮርኩ «ኦምኒ»ና በለንደን መግቢያዎች ላይ የሚነካ የባንክ ካርድ ግን መታወቂያ ብቻ ናቸው፤ ሒሳቡ የሚሠራው በማዕከል ነው።

ከዚህ ልዩነት ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። በመጀመሪያ፣ በቺፑ ሒሳብ የሚይዝ ካርድ በኢንተርኔት ቢሞላ ገንዘቡ ወደ ካርዱ የሚገባው ካርዱ ማንበቢያ ሲነካ ነው። ሞልቻለሁ ብሎ ወዲያው ቀሪ ሒሳቡን የሚያይ ሰው ሊደነግጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ያልተመዘገበ ካርድ የጠፋበት ሰው ጥሬ ገንዘብ እንደጠፋበት ይቆጠራል። በስም የተመዘገበ ኦይስተር ወይም ስማርትሪፕ ግን መጥፋቱ ሲነገር ታግዶ ቀሪ ሒሳቡ ይተርፋል። በጃፓንም ስም የሌለው ሱይካ ቢጠፋ አይተካም፤ ስም ያለበት ይተካል።

ሦስተኛው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ሒሳቡ በኪሳችን ከሆነ የቺፑ ምሥጢራዊ ቁልፍ ጥንካሬ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦይስተርን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ያገለግል የነበረውን «ማይፌር ክላሲክ» የተባለ ቺፕ ምሥጢር ፈቱ። አምራቹ ኩባንያ ጥናቱ እንዳይታተም ፍርድ ቤት ቢሄድም ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን አልተቀበለም። ለንደንም ከዚያ በኋላ ወደ ጠንካራ ቺፕ ተሸጋገረች። ምሥጢሩ በወቅቱ ባይገለጥ ኖሮ የብዙዎች ቦርሳ በተሰበረ ቁልፍ እንደተዘጋ ይቆይ ነበር።

የትኛውን እንምረጥ?

አንደኛው መመዘኛ የቆይታ ጊዜ ነው። በጃፓን ለጎብኚዎች የሚሸጠው «ዌልካም ሱይካ» መያዣ አይጠየቅበትም፤ ነገር ግን 28 ቀን ብቻ ያገለግላል፤ ቀሪ ሒሳቡም አይመለስም። ለአንድ ዓመት ትምህርት የሚሄድ ሰው መደበኛውን ሱይካ 500 የን አስይዞ መያዙ ይሻለዋል። በዱባይ ለአንድ ሁለት ቀን ጉዳይ የሚሄድ ነጋዴ ቀዩ የወረቀት ኖል ይበቃዋል። የሚመላለስ ከሆነ ግን ብርማውን ኖል ይያዝ፤ ዋጋው 25 ድርሃም ሲሆን 19ኙ በሒሳብነት በካርዱ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው የዕለት ጣሪያ መኖር አለመኖሩ ነው። በለንደን በአንድ ቀን የሚቀነሰው ሒሳብ የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ጉዞዎች በነጻ ይሆናሉ። ይህ የሚሠራው ግን ቀኑን ሙሉ ያንኑ አንድ ካርድ ለተጠቀመ ሰው ነው። በሱይካ እንዲህ ያለ ጣሪያ ስለሌለ፣ ብዙ የሚዞር ሰው የቀን ትኬት ዋጋን ማነጻጸር ይኖርበታል።

ሦስተኛው የአገልግሎት ክልል ነው። በጃፓን ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ አሥር ዋና ዋና ካርዶች አንዱ በሌላው ክልል ይሠራሉ። ይሁንና በካርዱ በቶኪዮ ክልል ገብቶ በኦሳካ ክልል መውጣት አይቻልም፤ ለእንዲህ ያለው ረጅም ጉዞ ለብቻው ትኬት ይገዛል።

አራተኛው ካርዱ ከደረስንበት አውሮፕላን ጣቢያ ጀምሮ ማገልገሉ ነው። የዋሽንግተን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2022 እስከ ደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ስለተዘረጋ፣ ከአዲስ አበባ የሚደርስ መንገደኛ ስማርትሪፕ በ2 ዶላር ገዝቶና ሒሳብ ሞልቶ ከዚያው መሳፈር ይችላል።

ስንጠቀም ምን እናስብ?

መንገደኛን ከሁሉ በላይ የሚያከስረው ሲወጡ ካርዱን አለማስነካት ነው። ዋጋው በርቀት በሚሰላበት ባቡር ካርዱ ሁለት ጊዜ መነካት አለበት፤ ሲገቡና ሲወጡ። በር የሌለው ጣቢያ ላይ ሰው ዝም ብሎ ሲወጣ ጉዞው ለማዕከሉ ያላለቀ ሆኖ ይቀራል፤ በለንደን በዚህ ጊዜ ከፍተኛው ታሪፍ ይቆረጣል። የለንደን አውቶቡስ ግን ሲሳፈሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል። በዱባይ አውቶቡስ ደግሞ ሲገቡም ሲወርዱም ማስነካት ግዴታ ነው። ስለሆነም የአንዱን ከተማ ልማድ ወደ ሌላው ሳንወስድ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ይበጃል።

ሁለተኛው ችግር ሁለት ካርድ በአንድ ቦርሳ መያዝ ነው። ማንበቢያው በመስኩ የገቡትን ካርዶች እንደ ስም ጠሪ መምህር አንድ በአንድ ለይቶ ያነጋግራል። ሲገቡ አንዱን፣ ሲወጡ ሌላውን ከመረጠ በሁለቱም ላይ ያላለቀ ጉዞ ይመዘገባል። ከዚህም ሌላ የተደራረቡ ጥቅልሎች አንዱ የሌላውን ቅኝት ያዛባሉ። መፍትሔው ካርዱን ከቦርሳ አውጥቶ ለብቻው ማስነካት ነው።

ሦስተኛው ብረት ነው። ሳንቲም ወይም የአሉሚኒየም ወረቀት ከካርዱ ጋር ሲጠጋ በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ጅረት የማንበቢያውን መስክ ይቃወማል፤ ካርዱም ኃይል ያጣል። ካርዱን ለቁልፍ ማንጠልጠያ ብሎ ዳርቻውን መብሳት ደግሞ ጥቅልሉን ሊቆርጠው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ካርድ ተራ ፕላስቲክ ነው።

ከመመለሳችን በፊት

በካርዱ የሚቀረው ገንዘብ ጥቂት ቢመስልም ለተማሪ የአንድ ቀን ምግብ ነው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ቀናት በትንሽ በትንሹ መሙላት ይገባል። ሱይካ ሲመለስ ከቀሪ ሒሳቡ 220 የን የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል፤ ሒሳቡ ዜሮ ከሆነ ግን መያዣው 500 የን ሙሉውን ይመለሳል። ስለዚህ ሒሳቡን ጨርሶ መመለስ ያዋጣል። በቶኪዮ የተገዛውም በኦሳካ አይመለስም። በለንደን የካርዱ ዋጋ አይመለስም፤ ቀሪው ሒሳብ ግን ይመለሳል። ካልተመለሰም ጊዜ አያልፍበትም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ይጠቅመናል። የቅናሽ መብት ወይም የስም ገደብ የሌለበት ካርድ ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ከለንደን የተመለሰ ባልደረባ ካርዱን በመሳቢያው ከሚያስቀምጠው፣ በሚቀጥለው መስከረም ለሚሄደው ተማሪ ቢሰጠው ተማሪው ቢያንስ የካርዱን ዋጋ ይተርፍለታል፤ ከአውሮፕላን ወርዶም ያለ ሰልፍ ይሳፈራል። ካርዱን ሲያስረክብ ግን «ስትገባ አስነካ፤ ስትወጣም አትርሳ» ማለቱን እንዳይዘነጋ።