የሚናገረው ሞንታርቦ፣ የሚያዳምጠው ሣጥን

አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት ብርዷ ጋቢ ያስናፍቃል። ተማሪ ግን በዩኒፎርም ነውና የሚሰለፈው፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ የሰንደቅ ዓላማውን መሰቀል ይጠብቃል። መዝሙሩ እንዳበቃ ሞንታርቦው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ ያስላል፣ ከዚያ ይናገራል፦ «እንደምን አደራችሁ፤ አከም ቡልተን!»

የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።

በሌላ አገር ለዚህ ሥራ የሕዝብ ግንኙነት ክበብ የሚል ስም ይሰጠዋል። አሜሪካኖች የሕዝብ ግንኙነት ተማሪዎችን ማኅበር የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን አባላቱ ሙያውን ነገ እንጀራቸው ሊያደርጉት የሚማሩ የኮሌጅ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያ ሥራው የሚጀመረው ቀደም ብሎ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሚኒ ሚዲያ አባል ብዙውን ጊዜ ስለ ሙያው ምንም ሳይማር ይሠራዋል፤ ትምህርት ቤቱን ለተማሪው፣ ተማሪውን ለወላጁ፣ አንዳንዴም ተማሪውን ለራሱ ያስተዋውቃል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ማጉያ፣ አንድ ወይም ሁለት ሞንታርቦ፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክ፣ ዘፈንና የመክፈቻ ሙዚቃ የተጫነበት ፍላሽ። ክፍሉም አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ተቆርሶ የተሰጠ ጠባብ ጥግ ነው። መብራት ከሄደ ዜናው በድምፅ ብርታት ይነበባል፤ ያን ጊዜ ማን እውነተኛ አንባቢ እንደሆነ ይለያል።

ዝግጅቱ በሰልፍ ሰዓት አጭር፣ በዕረፍት ሰዓት ረዘም ያለ ነው፦ የትምህርት ቤት ዜና፣ የጤና ምክር፣ «ይህን ያውቃሉ»፣ ግጥም፣ መነባንብ፣ ጭውውት፣ የጠፋ ደብተርና የተገኘ መታወቂያ። ጽሑፉን ተጠሪ መምህሩ አስቀድሞ ያየዋል። የፀረ ኤድስ፣ የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃና የትራፊክ ክበባት መልእክታቸውን የሚያሰሙትም በዚሁ ማይክ ስለሆነ ሚኒ ሚዲያ የክበቦች ሁሉ መውጫ በር ነው። የወላጆች ቀን ሲመጣ ደግሞ መድረክ መሪው፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩ አዘጋጅ፣ እንግዳ ተቀባዩ፣ ሽልማት አስጠሪው በሙሉ ከዚህ ክበብ ይወጣል።

አሰላ ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። በከተማዋ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይነገራል፤ ስለዚህ አንዱ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ቃል በቃል ሲገለበጥ ቀልዱ ይሞታል፣ ተረቱም ይደርቃል። ጎበዝ አዘጋጅ በሁለቱም ቋንቋ እንደ አዲስ ያስበዋል፤ ይህን በአሥራ አምስት ዓመቱ የለመደ ልጅ ብዙ የመሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነቶች የሌላቸውን ችሎታ ይዞ ያድጋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሰላ የምትገኝበት የአርሲ ደጋ ድምፅ ሰው እንዴት እንደሚያነሣ ያውቃል። ሯጩ ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ ሲያሸንፍ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ ገጠር የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ድሉን የሰማው በአባቱ ሬዲዮ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። እዚያው አርሲ ያለችው በቆጂም የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ከተማ ናት። የበቆጂው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥራቸውን የጀመሩት በትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ነው። ይህ ሁሉ ታሪክ በሚኒ ሚዲያዎቹ ደጃፍ እያለ የአካባቢው ሯጮች ኑሮ በዓለም የፊልም መድረኮች የታየው በውጭ ባለሙያ ካሜራ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «የሯጮች ከተማ» ዘጋቢ ፊልም ነበር። አንድ የሚኒ ሚዲያ ዘጋቢ ግን ሯጩን ጎረቤቱን በአፉ መፍቻ ቋንቋ መጠየቅ ይችላል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብስም፣ የቁሉምሳ የስንዴ ምርምርም፣ በአርሲ ተራሮች ላይ የሚኖረው የደጋ አጋዘንም እንዲሁ ጠያቂ ይጠብቃሉ።

ድምፅ ማሰማት ብቻውን ግን ግንኙነት አይሆንም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ይህን በደንብ አሳይቷል፤ የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥ፣ መልስ ቢኖርም ባይኖርም ይቀጥል ነበር። እጁን ያወጣ ተማሪ ለማን እንዳወጣው አያውቅም ነበር።

ከዚያ የሚከብድ ትምህርትም እዚያው አሰላ አለ። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ፣ ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን ለገበሬው ያስተዋወቀው በሠርቶ ማሳያና በሞዴል ገበሬ ነበር። ዘዴው ሠራ፤ ምርቱ ጨመረ። ነገር ግን እርሻው አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። መልእክቱ በሚገባ ደርሷል፤ የጭሰኛው ሥጋት ግን በዚያው ፍጥነት ወደ ላይ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም።

የሙያው ሊቃውንት ጄምስ ግሩኒግና ቶድ ሃንት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ የሕዝብ ግንኙነትን በአራት ከፍለውታል። ከታች ያለው ለወሬና ለዝና ብቻ የሚጮኸው ነው፤ ቀጥሎ መረጃ የሚያድለው ይመጣል፤ ሦስተኛው የሰውን ሐሳብ የሚያጠናው ሊያሳምነው ነው፤ አራተኛው ሰምቶ ራሱንም ለመለወጥ ዝግጁ ነው። አብዛኛው ሚኒ ሚዲያ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ዩኒት ሊደሩ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ማርፈድ የሚያስነብበውን ያነባል፣ ያበቃል።

ወደ አራተኛው የሚያሻግረው ዕቃ ከሞንታርቦው እጅግ ይረክሳል፦ ቁልፍ ያለው የአስተያየት ሣጥን። ስም ሳይጻፍበት የሚገባ ወረቀት ከልጆች አፍ የማይወጣውን ያወጣል። መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም። የወር አበባ ሲመጣ የምንቀመጥበት ክፍል ይሰጠን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ሄደን ስንፈተን ብርድ ልብስ እንያዝ ወይስ ይሰጠናል?

ሣጥኑ ያለበት ትምህርት ቤት ሁሉ ግን ይሰማል ማለት አይደለም፤ አቧራ ለብሶ ቁልፉ የጠፋበት ሣጥንም ሞልቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው አሠራሩ ነው፦ ሣጥኑ በታወቀ ቀን በክበቡ አባላትና በተጠሪ መምህሩ ፊት ይከፈታል፣ ሰው የሚያዋርደው ይወገዳል፣ የቀረው እንዳለ ይነበባል፣ መልሱን ርዕሰ መምህሩ ራሱ በማይክ ይሰጣል። የውኃው ጥያቄ መልስ ካላገኘ በሚቀጥለው ሳምንት ሰልፍ ላይ እንደገና ይነበባል፤ በአፋን ኦሮሞም፣ በአማርኛም።