የብራውዘር ማስተካከያና የስክሪፕት ጉዳይ፦ የሕክምና መረጃ ከድረ ገጽ ለሚያነቡ ባለሙያዎች

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ተረኛ ሐኪም የኩላሊቱ ሥራ ለተዳከመ ሕመምተኛ የመድኃኒት መጠን ለማስላት በተረኞች ክፍል ባለው ኮምፒዩተር ድረ ገጽ ይከፍታል። ገጹ ይመጣል፤ የክሬአቲኒኑን፣ የዕድሜውንና የክብደቱን ቁጥር ያስገባል፤ ማስያውን ሲጫን ግን ምንም መልስ የለም። ከእርሱ በፊት የተጠቀመ ባልደረባ «ለጥንቃቄ» ብሎ ስክሪፕት የሚባለውን አገልግሎት ዘግቶታል። ሐኪሙም ሕመምተኛው ይጠብቀዋልና የብራውዘሩን ማስተካከያ ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ እየፈቀደ ያልፋል። ጠዋት በዚያው ኮምፒዩተር፣ በዚያው ብራውዘር፣ የጤና መረጃ ባለሙያው የወሩን ሪፖርት በዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ያስገባል። የመጀመሪያው ሰው ሁሉን መዝጋቱም ሆነ የሁለተኛው ሁሉን መክፈት ምንጩ አንድ ነው፤ ስክሪፕት ምን እንደሚሠራና ከየት እንደሚመጣ በግልጽ አለመታወቁ ነው።

ድረ ገጽ ሲከፈት ወደ ኮምፒዩተሩ የሚደርሰው ጽሑፍና ሥዕል ብቻ አይደለም። ብራውዘሩ የሚፈጽማቸው ትእዛዞችም አብረው ይመጣሉ። እነዚህ ትእዛዞች በአብዛኛው የሚጻፉት በጃቫስክሪፕት ሲሆን፣ ይህንን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጠረው በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብሬንዳን አይክ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስክሪፕቱ የሚሠራው በድረ ገጹ ባለቤት ማሽን ላይ ሳይሆን በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ መሆኑ ነው። በመሆኑም ብራውዘሮች ስክሪፕትን በአጥር ውስጥ ያስቀምጡታል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጡ ፋይሎችን እንደልቡ ማንበብ አይችልም፤ የአንዱ ድረ ገጽ ስክሪፕትም በጎን የተከፈተውን የሌላውን ገጽ ይዘት እንዲያይ አይፈቀድለትም። በገባበት ገጽ ውስጥ ግን ሥልጣኑ ሰፊ ነው። የተጻፈውን ያነባል፣ ተጠቃሚው በገጹ ላይ የሚተይበውን ይከታተላል፣ የሚታየውን ይለውጣል፣ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳል፣ የኮምፒዩተሩን የማስላት ጉልበትም ይጠቀማል።

ጉዳዩ የሚወሳሰበው ስክሪፕቶቹ ሁሉ ከገጹ ባለቤት የማይመጡ በመሆናቸው ነው። አንድ የጤና ድረ ገጽ ጎብኚዎቹን ለመቁጠር ከአንድ ኩባንያ፣ ቪዲዮ ለማሳየት ከሌላ፣ ማስታወቂያ ለማቅረብ ከሦስተኛ ወገን ስክሪፕት ይጠራል። በዚህ መልክ የተጠራው ስክሪፕት የእንግዳ ሥልጣን ሳይሆን የባለቤት ሥልጣን ይኖረዋል። በሕክምናው ዓለም ተመሳሳዩን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሽሮፑን ያሸገው ፋብሪካ የታወቀ፣ ምልክቱም እውነተኛ ሆኖ ሳለ ከሌላ አቅራቢ የተገዛው ማሟሟቻ ቢበከል፣ ሕፃኑን የሚጎዳው በፋብሪካው መልካም ስም ውስጥ ተሸፍኖ የገባው ነገር ነው።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 2018 ብራውዝአላውድ የተባለና የማየት ወይም የማንበብ ችግር ላለባቸው ሰዎች የገጽን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ስክሪፕት ባልታወቁ ሰዎች እጅ ተለወጠ። ስክሪፕቱን ይጠሩ የነበሩ ከ4,000 በላይ ድረ ገጾች ያለ ባለቤቶቻቸው ዕውቀት የተለወጠውን ለጎብኚዎች አቀረቡ። ከእነዚህም መካከል የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ክፍሎች ገጾች፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ፣ እንዲሁም የግል መረጃ ጥበቃን የሚቆጣጠረው የብሪታንያ መሥሪያ ቤት ራሱ ይገኙበት ነበር። የተጨመረው ትእዛዝ የአንባቢውን ኮምፒዩተር ሞኔሮ የተባለ ዲጂታል ገንዘብ በማስላት ሥራ ላይ የሚያሰማራ ነበር። ለአንባቢው ሊታየው የሚችለው የኮምፒዩተሩ መዘግየትና የማቀዝቀዣው ጩኸት ብቻ ነው። አገልግሎቱን የሚሰጠው ኩባንያ በዚያው ዕለት ስክሪፕቱን አቋረጠ። ሰዎቹ ገንዘብ ማስላትን መረጡ እንጂ በዚያው መንገድ የይለፍ ቃል የሚሰበስብ ትእዛዝ ለማስገባት የሚያግዳቸው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ደግሞ ፖሊፊል የተባለ ስክሪፕት ይቀርብበት የነበረው አድራሻ በዚያው ዓመት ባለቤት ከቀየረ በኋላ ጎብኚዎችን ወደማይፈለጉ ገጾች የሚወስድ ትእዛዝ ማሰራጨቱ ታወቀ። ስክሪፕቱን የሚጠሩት ድረ ገጾች ከ100,000 በላይ ነበሩ። «የታመነ ድረ ገጽ ብቻ ክፈቱ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም በቂ አለመሆኑን ሁለቱም ክስተቶች ያሳያሉ። በአድራሻው መጀመሪያ ላይ የሚታየው ኤች.ቲ.ቲ.ፒ.ኤስ. የተባለው ምልክትም መረጃው በመንገድ ላይ ተመስጥሮ መጓዙን እንጂ የገጹን ወይም በውስጡ ያለውን ስክሪፕት ንጽሕና አይመሰክርም። ክሮም የቁልፍ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ2023 ከአድራሻው አጠገብ ያነሳው ብዙ ሰው ቁልፉን የታማኝነት ማረጋገጫ አድርጎ ስለሚወስደው ነበር።

ታዲያ ስክሪፕትን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይሻላልን? ለጤና ባለሙያ አይመከርም። ፐብሜድ ያለ ጃቫስክሪፕት በአግባቡ አይሠራም፤ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ጨርሶ አይከፈትም፤ የመድኃኒት መጠን ማስያዎችም በመግቢያው እንደተገለጸው ዝም ይላሉ። የሚበጀው እየለዩ መፍቀድ ነው። በክሮምና በኤጅ ማስተካከያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ስክሪፕትን ለብቻው መፍቀድ ወይም መከልከል ይቻላል። በፋየርፎክስ ላይ የሚጫነው ኖስክሪፕት ደግሞ አንድ ገጽ ከስንት ቦታ ስክሪፕት እንደሚጠራ በዝርዝር ያሳያል፤ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከላይ የተባለውን ሁሉ በዓይኑ ያረጋግጣል። ሆኖም በየገጹ ውሳኔ ስለሚጠይቅ ብዙ ሰው ለሚፈራረቅበት የተረኞች ክፍል ኮምፒዩተር አይስማማም። ሌሊት የቸኮለ ሰው ሁሉንም ይፈቅዳልና። ለእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ዩብሎክ ኦሪጅንን የመሰለ፣ የማስታወቂያና የክትትል ስክሪፕቶችን በራሱ የሚያግድ መሣሪያ ይሻላል። የኢንተርኔት ወጪን መቀነሱም ከኪሱ በሚገዛው የሞባይል ዳታ ለሚያነብ ባለሙያ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይህም ሆኖ ከማንኛውም ማስተካከያ በላይ የሚጠብቀው የብራውዘሩ መታደስ ነው። የስክሪፕቱ አጥር ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፈነው በማሻሻያ ነውና። በጤና ተቋማት ውስጥ የቆዩ ኮምፒዩተሮች ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ በዊንዶውስ 7 ላይ አይታደስም፤ ዊንዶውስ 10 ራሱም መደበኛ የማሻሻያ ዘመኑ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ፍላሽ የተባለውም አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስለተቋረጠ፣ ዛሬ «ፍላሽን አድሱ» የሚል ገጽ ያለ ጥርጥር አጭበርባሪ ነው።

ወጪ የማይጠይቅ ሌላ መፍትሔ አለ፤ ሥራንና ንባብን መለየት። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት የብራውዘር ፕሮፋይሎች ተከፍተው አንዱ ለሪፖርትና ለሕመምተኛ መዝገብ ብቻ፣ ሌላው ለንባብ ቢውል፣ ኩኪዎቻቸውና የተቀመጡ የይለፍ ቃሎቻቸው አይገናኙም። የሥራው ፕሮፋይል ምንም ተጨማሪ መሣሪያ ባይጫንበት ይመረጣል፤ ብዙ ተጨማሪ መሣሪያዎች የሚከፈተውን ገጽ ሁሉ የማንበብ ፈቃድ የሚጠይቁ ናቸውና። ኢንኮግኒቶ የሚባለው የግል መስኮት ግን ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይታመናል። መስኮቱ ሲዘጋ ታሪክንና ኩኪን ከኮምፒዩተሩ ያጠፋል እንጂ ስክሪፕትን አያግድም፤ የተጎበኘውንም ድረ ገጽ ከኔትዎርኩ አስተዳዳሪ አይሰውርም።

የሕመምተኛን ምስጢር በተመለከተ፣ ዘ ማርካፕ የተባለው የዜና ተቋም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በመረመራቸው 100 ታዋቂ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ድረ ገጾች ውስጥ በ33ቱ ላይ ሕመምተኞች ቀጠሮ ሲይዙ መረጃ ወደ ፌስቡክ የሚልክ ስክሪፕት አግኝቷል። ሆስፒታሎች እንኳ በገጻቸው ላይ ያለውን ካላወቁ፣ ባለሙያው በማንኛውም መፈለጊያ ወይም ማስያ ላይ የሕመምተኛን ስም ወይም የካርድ ቁጥር መጻፍ አይኖርበትም። ለስሌቱ ስምም ሆነ የካርድ ቁጥር አያስፈልግም።

በመጨረሻም ማስተካከያ ሁሉ የማይከላከለው አንድ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ እየበዛ የመጣ ሲሆን፣ ገጹ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይልና የዊንዶውስ ቁልፍን ከአር ፊደል ጋር እንዲጫኑ፣ ቀጥሎም ለጥፈው ኢንተር እንዲሉ ያዛል። ስክሪፕቱ የሚለጠፈውን ትእዛዝ አስቀድሞ በኮምፒዩተሩ የቅጂ ማቆያ ውስጥ አስቀምጦታል። ከአጥሩ ራሱ መውጣት ስላልቻለ አንባቢውን በሩን እንዲከፍትለት ያደርገዋል ማለት ነው። እውነተኛ ማረጋገጫ ከብራውዘሩ ውጭ ምንም አያስጫንም። ይህን ትእዛዝ በስሕተት የፈጸመ ባለሙያ ወዲያውኑ የኔትዎርክ ገመዱን መንቀል ወይም ዋይፋዩን ማጥፋት፣ ኮምፒዩተሩን ለሌላ ተረኛ ሳያስረክብ ለተቋሙ የኮምፒዩተር ባለሙያ ማሳወቅ፣ የይለፍ ቃሎቹንም ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ መለወጥ ይገባዋል። የዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 መግቢያ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ከነበረ ቅድሚያ የሚለወጠው እርሱ ነው።