በቦንጋ አንድ ከተማ፣ ሁለት ሕግ፦ የመንግሥት ሠራተኛው ስለ ደመወዙ መደራደር ያልቻለው ለምንድን ነው?

ቦንጋ ውስጥ ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ ውድነት ሲወራ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ልዩነት አለ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው የውሽውሽ ሻይ እርሻ ቅጠል የሚለቅም ሠራተኛ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራተኛ ማኅበር መሥርቶ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት መፈራረም በሕግ ተፈቅዶለታል። በንግድ ባንክ ወይም በኢትዮ ቴሌኮም የተቀጠረውም እንዲሁ። በገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህሩና የወረዳው የግብርና ባለሙያ ግን ይህ መብት የላቸውም። ሁሉም በአንድ ገበያ ይሸምታሉ፤ የሚተዳደሩት ግን በተለያየ ሕግ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ነገሩ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች የሥራ ሁኔታቸውንና ኑሯቸውን ለማሻሻል የመደራጀት፣ ከአሠሪዎቻቸው ጋር የመደራደርና ሥራ እስከ ማቆም ድረስ ቅሬታቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞችም በዚህ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 1(ሐ) በእነዚህ መብቶች የሚጠቀሙት የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ በሕግ እንደሚወሰን ይናገራል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ይህን የሚወስነው ሕግ አልወጣም።

በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይፈቅዳል። አዋጁ የግል ድርጅቶችንና የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን የሚመለከት ሲሆን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሲቪል ሰርቫንቶችን ግን ከመጀመሪያው ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። እነሱ የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ነው። እነዚህ አዋጆች ስለ ቅጥር፣ ፈቃድ፣ ዲሲፕሊንና ቅሬታ በዝርዝር ቢደነግጉም ደመወዝን በኅብረት ለመደራደር መንገድ አይከፍቱም። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ መዘግየቱ ይበልጥ ይጎላል።

ማኅበር አለ፣ ድርድር ግን የለም

“መምህራን ማኅበር አላቸው አይደል?” የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። አዎ፣ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። የጤና ባለሙያዎችም በየሙያቸው ማኅበራት አሏቸው። ነገር ግን የሙያ ማኅበር ጥያቄ ያቀርባል፣ ይመክራል፣ ያሳስባል እንጂ አሠሪውን በሕግ አስገድዶ ለድርድር አያስቀምጥም። በማኅበርና በድርድር መብት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ውጤቱን በቅርብ ዓመታት አይተነዋል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በሀዲያ ዞኖች ደመወዛቸው የዘገየባቸው መምህራን ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ደመወዝን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና የራሳቸውን የሕክምና ሽፋን ጨምሮ 12 ጥያቄዎችን ይዘው በተለያዩ ከተሞች ሥራ አቆሙ። መንግሥት እርምጃውን ሕገ ወጥ አለው፤ በርካታ ባለሙያዎችም ታሰሩ። ሕጋዊ የድርድር መድረክ በሌለበት ጥያቄው መጀመሪያ በማኅበራዊ ሚዲያ ይወጣል፣ ከዚያ ሥራ ይቆማል፣ በመጨረሻም ጉዳዩ የፖሊስ ይሆናል። በመሃል የሚጎዳው ታካሚውና ተማሪው ነው።

ጭማሪው በእጅ ሲገባ ስንት ነው?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ መንግሥት ሁለት ጊዜ የደመወዝ ማሻሻያ አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆነ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አድጓል።

ይህ ግን ጥቅል ደመወዝ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 እስከ 35 በመቶ ባለው ምጣኔ እንደየደረጃው ይቀነስበታል። በዚህ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ። ስለዚህ 6,000 ብር የሚከፈላት የጽዳት ሠራተኛ 700 ብር ግብርና 420 ብር ጡረታ ተቀንሶ እጇ የሚገባው 4,880 ብር ነው። 11,500 ብር የሚከፈለው መምህር 2,100 ብር ግብርና 805 ብር ጡረታ ተቀንሶ 8,595 ብር ይደርሰዋል። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ወጪና የጤፍ ዋጋ የሚሸፈነው ከዚህ ነው።

ጭማሪው መምጣቱ መልካም ነው። ሆኖም መጠኑም ሆነ ጊዜው የተወሰነው በመንግሥት ማስታወቂያ እንጂ ከሠራተኛው ተወካዮች ጋር በተደረገ ድርድር አይደለም። በድርድር የተገኘ ነገር ውል ነው፤ ቢጓደል ይጠየቅበታል። በማስታወቂያ የመጣ ግን ሲዘገይ “ጠብቁ” ከመባል ያለፈ መልስ ላያገኝ ይችላል።

በአንድ ከተማ ልዩነቱ ለምን ይሰፋል?

ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። በከተማዋ የፌዴራል፣ የክልል፣ የዞን፣ የከተማ አስተዳደርና የወረዳ ሠራተኞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ደመወዝ ከፌዴራል በጀት ይመጣል። የወረዳ መምህር ደመወዝ ግን ፌዴራል መንግሥት ለክልሉ ከሚሰጠው ድጎማ ተነስቶ፣ በክልሉ በኩል ለወረዳ ተከፋፍሎ፣ ከወረዳው የራሱ ገቢ ጋር ተደምሮ የሚከፈል ነው። የወረዳው ገቢ ካነሰ ወይም ገንዘቡ ለሌላ ከዋለ መጀመሪያ የሚሰማው ደመወዝ ላይ ነው። ተመሳሳይ ዲግሪ ያላቸው ጎረቤታሞች አንዱ ደመወዙን በወቅቱ ሲቀበል ሌላው የሚጠብቅበት ምክንያት ይህ ነው። የሠራተኛን ላብ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምህሮ ለሚያውቅ አንባቢ፣ መዘግየትም ራሱ በደል መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም።

እኩልነት፦ ከ1966 የተገኘ ትምህርት

የሥራ ቦታ እኩልነት በገንዘብ ብቻ አይለካም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን በመቃወም ሥራ አቆሙ። በየካቲት መጨረሻ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ሚያዝያ 12 ደግሞ ሙስሊሞች፣ አብረዋቸው ከቆሙ ክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር፣ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ በሥራ ቀን መቁጠሪያው ውስጥ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሙስሊሙ ነርስ ወይም መምህር በዒድ ቀን ደመወዙ ሳይነካ የሚያርፈው ተሰባስበው በጠየቁ ሰዎች ምክንያት ነው። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለው ረዘም ያለ የምሳ ሰዓትም ለጁሙዓ ሰላት የሚያመች የሥራ ሁኔታ ነው።

የሴቶች መብትም እንዲሁ በሕግ ሰፍሯል። አንቀጽ 42 ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያን ያረጋግጣል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ሲሆን ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታል። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ማግለልን ይከለክላል።

እስከዚያው ምን ማድረግ ይቻላል?

የድርድር መብት ባይኖርም የግል መብት የተጣሰበት ሠራተኛ መንገድ አለው። መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ላለው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ማመልከት፣ በውሳኔው ካልረካም ጉዳዩን ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። የይግባኝ ጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑን መቁጠርና የእያንዳንዱን ደብዳቤ ኮፒ መያዝ ያስፈልጋል። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላሉ።

እነዚህ ግን የአንድን ሰው ቅሬታ የሚፈቱ ናቸው፤ የደመወዝ እርከንን አይነኩም። የውሽውሹ ሻይ ለቃሚም ቢሆን ሁሉ ሞልቶለታል ማለት አይደለም። በ2011ዱ አዋጅ የተጠቀሰው የደመወዝ ቦርድ ሥራ ባለመጀመሩ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በየዓመቱ በሠራተኞች ቀን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን እያለ ይጠይቃል። ልዩነቱ ለቃሚው የሚጠይቅለት ማኅበርና የሚፈርመው ስምምነት ሊኖረው መቻሉ ነው። የመንግሥት ሠራተኛውም ሆነ የምክር ቤት አባላት ዛሬ ሊያነሱት የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፦ በአንቀጽ 42 ቃል የተገባው ሕግ መቼ ይወጣል?