«አርጅቼ ምን ፎቶ ያስፈልገኛል?»

ለቅሶ ቤት የደረሰ ሁሉ ይህን አይቷል። ሟች ሰማንያ ዓመት ኖረው፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተው፣ የልጅ ልጅ አይተው ያርፋሉ። ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ፎቶ ሲፈለግ ግን የሚገኘው የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተለጠፈ ጉርድ ፎቶ ነው። እሱው ተልጦ ፎቶ ቤት ይወሰዳል። ሲያድግ ይደበዝዛል፤ የማኅተሙ ግማሽ ክብም ትከሻቸው ላይ እንዳረፈ ይቀራል። የልጆቹ ስልክ ግን በፎቶ ተጨናንቋል፤ ክርስትናው፣ ሰርጉ፣ ኬኩ፣ መንገድ ላይ የታየ ድመት ሳይቀር አለ። የእሳቸው ለምን ጠፋ ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ፎቶ አይወዱም ነበር።»

ይወዱ ነበር። ባይወዱማ የየቤቱ ቡፌና ግድግዳ በምን ይሞላ ነበር? በአዲስ አበባ ፎቶ መነሳት የቆየ ወግ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዝልቀውታል። ዛሬ ሰባና ሰማንያ የደፈኑት ሰዎች ያደጉት ፎቶ መነሳት ቀጠሮ በነበረበት ጊዜ ነው። ፀጉር ይበጠራል፣ ጫማ ይወለወላል፣ ኮትና ክራባት የሌለው ከፎቶ ቤቱ ይዋሳል፣ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንዲህ ያደጉ እናት ሽንኩርት እየላጡ ሳለ ድንገት ስልክ ሲደገንባቸው «ተወኝ ልጄ፣ አርጅቼ ምን ፎቶ ያስፈልገኛል» ቢሉ፣ የጠሉት አነሳሱን እንጂ ፎቶውን አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከአንድ ቀን በፊት ይነገራቸው፤ የሚወዱትን ልብስና ነጠላ ራሳቸው ይምረጡ። ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት በር ወይም መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። ስልኩ ከዓይናቸው ትይዩ ይሁን፤ ከታች ሲነሳ አገጭን፣ ከላይ ሲነሳ ግንባርን ያገንናል። ፍላሹም ይጥፋ። «ፍላሽ ዓይን ያጠፋል» የሚባለው እውነት ሆኖ አይደለም፤ የስልክ ፍላሽ ዓይን የሚጎዳ ጉልበት የለውም። ነገር ግን በዕድሜ የገፋ ዓይን ከብዥታ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፍላሽ ደግሞ የፊትን መስመሮች ለጥጦ ሰውየውን ራሱን እንዳይመስል ያደርገዋል።

ከዚህ የሚከፋው ግምት ስለ ጨዋታቸው ያለን ነው። «የድሮውን ብቻ እኮ ነው የሚያወሩት፤ ጃጅተዋል» እንላለን። በሽማግሌ አፍ የወጣ ትዝታ ሁሉ የመርሳት ምልክት ይመስለናል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር ይህንኑ እምነት እ.ኤ.አ. በ1963 ሞግቶታል። ያለፈ ሕይወትን መለስ ብሎ መቃኘት በእርጅና ዘመን የሚጠበቅ ጤናማ ሥራ እንጂ የመጃጀት ምልክት አይደለም ብሎ ነው የጻፈው። ከዚያ በኋላ የማስታወስ ችሎታን ያጠኑ ተመራማሪዎች ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በብዛት የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው ያለውን ጊዜ መሆኑን ደጋግመው አግኝተውታል። አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ ፍቅርና ትዳር የሚገኙት እዚያ ነው። ዛሬ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው በ1966ቱ አብዮት ገና ጎረምሳ ነበር። ጨዋታው እየዞረ እዚያ ቢደርስ ምን ይገርማል?

የሚያሳስበው ሌላ ነው። የጠየቁትን ከደቂቃዎች በኋላ መልሰው መጠየቅ፣ በለመዱት ሰፈር መንገድ መሳት፣ ምድጃ ለኩሶ መርሳት፣ ገንዘብ መቁጠርና መልስ መቀበል ማስቸገር፣ ይህም ሁሉ ቀድሞ ያልነበረና እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ እንደሚለው፣ የመርሳት በሽታ በሽታ ነው፤ ያረጀ ሁሉ የሚያልፍበት ዕጣ አይደለም። «ዕድሜ ነው» ብሎ መተው እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ እኔ ግን ቸልተኝነት ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ የፎቶ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ለጥየቃ የመጣ ዘመድ አልበሙን ያወርድና ምርመራ ይጀምራል፦ «እስቲ ይቺን ያውቋታል? ይሄስ ማነው? አወቁት?» ይህ ፈተና ነው፤ ፈተና ደግሞ በሰማንያ ዓመትም ያስደነግጣል። ስም ከአእምሮ ቶሎ የሚሸሽ ነገር ነው፤ በጤነኛ ሰውም ላይ። ይልቅ «የዚህን ቀን ነገር እስቲ ያጫውቱኝ» ቢባል በሩ ይከፈታል። አንዲት የማውቃቸው እናት የሠርጋቸው ፎቶ ሲቀርብላቸው የሚዜዎቹን ስም አንዱንም አላነሱም። ጣታቸውን ጫማው ላይ አድርገው ጫማው የአክስታቸው ልጅ እንደነበር፣ ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ሲቆነጥጣቸው እንደዋለ፣ ማታ ሲያወልቁት ተረከዛቸው ደም እንደነበር ተናገሩ። ስለ ጫማው ሲያወሩ ጫማውን ያዋሰችው መጣች፣ እሷን ተከትላ እህቷ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። ስሞቹን ያልጠየቃቸው ሰው ስሞቹን አገኘ።

አንዳንዴ ችግሩ ከአእምሮም ከትዝታም አይደለም። በስልሳ ዓመት ዕድሜ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ የዓይን ሌንስም ይደፈርሳል፤ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዛዛ ሳሎን ውስጥ በስልክ ስክሪን የልጅ ልጃቸውን ፎቶ አይተው «ማን ናት?» ያሉ አባት ረስተው ሳይሆን ሳይታያቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005–2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። «ሰው መለየት አቃታቸው» ከማለት በፊት ዓይናቸውን ማስመርመር ይቀድማል።

«እሳቸው ስልክ አይገባቸውም» የሚለውንም ብዙ ሰው እንደ እውነት ይዞታል። በአሜሪካ ቴክሳስ በዴኒዝ ፓርክ መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። ከ60 እስከ 90 ዓመት ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች በየቡድኑ ተከፍለው ለሦስት ወር በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ተጠመዱ። አንዱ ቡድን ፎቶ ማንሳትንና ፎቶን በኮምፒውተር ማስተካከልን ከዜሮ ተማረ። ሌላው ስፌት፣ ሌላው ሁለቱንም ተማረ። የቀሩት እየተሰበሰቡ ተጫወቱ፣ ጎበኙ ወይም ቀላል ቀላል ነገር ሲሠሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ የማስታወስ ችሎታቸው ይበልጥ የተሻሻለው ከባድ አዲስ ሙያ የተማሩት ናቸው፤ በተለይም ፎቶ የተማሩት። አንድ ጥናት ሁሉን አይወስንም። ይሁንና «አርጅተዋል፣ አይችሉም» የሚለውን ለማፍረስ ይበቃል። እርግጥ ማስተማር ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኛ ግን ስልኩን ከእጃቸው ነጥቀን «ቆይ እኔ ላድርግልዎ» እንላለን። እኛ ቤት ትምህርቱ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ፎቶ ያነሳ አይረሳም የሚለውም ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ተመራማሪዋ ሊንዳ ሄንከል ሰዎችን ሙዚየም ወስዳ ባደረገችው ሙከራ፣ ዕቃዎቹን ፎቶ ያነሱት ሰዎች ዝም ብለው ከተመለከቱት ያነሰ አስታውሰዋል፤ የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሱት ግን ያን ያህል አልረሱም። ለዓውዳመት ጥየቃ ሄዶ ሦስት ሰዓት ስልክ ይዞ የሚዞር ሰው ይህን ቢያስብበት ደግ ነው። ጥቂት አንስቶ ስልኩን ኪስ መክተት፣ ወይም እጃቸውን፣ ሙዳያቸውን፣ የቡና ረከቦታቸውን ጠጋ ብሎ ማንሳት ይሻላል።

ስለ ጥየቃው ራሱ ያለን እምነት ደግሞ «ልጅ ያለው ሰው ብቸኛ አይሆንም» የሚል ነው። ልጆቹ ዋሽንግተንና ዱባይ፣ እናት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑ ግን ይሆናል፤ ከእድራቸውና ከማኅበራቸው ርቀው አዲስ ሰፈር ከገቡማ ይብሳል። ጁሊያን ሆልት ለንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ300,000 በላይ ሰዎችን የያዙ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ማለት ለፋሲካ አንዴ ከነቤተሰቡ ወርሮ መሄድ ዕድሜ ይቀጥላል ማለት አይደለም። ውጭ ያለ ልጅ በቴሌግራም አርባ ፎቶ ከሚልክ አምስቱን መርጦ ቢልክና እዚህ ያለ ዘመድ አሳጥቦ ቢያደርስ፣ ፎቶው ለጎረቤት የሚታይ፣ ቡና ላይ የሚነሳ ወሬ ይሆናል። በፎቶ የተጨናነቀ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ጎረቤት አይጠራም።

አሁን ወደ አልበሙ። «ጥቁርና ነጩ አርጅቷል፣ ቶሎ ይጠፋል፤ ባለቀለሙ ይቆያል» የሚለው ግምት የተገላቢጦሽ ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስል ከብር የተሠራ በመሆኑ በደንብ ከታጠበና ከእርጥበት ከተጠበቀ ረጅም ዘመን ይዘልቃል። የባለቀለሙ ምስል ግን ማቅለሚያ ነው፤ በብርሃንና በሙቀት ይለቃል። የ1970ዎቹ ፎቶዎቻችን ወደ ቀይነትና ቢጫነት ያዘነበሉት ለዚህ ነው። ከፀሐይ ትይዩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መጀመሪያ ይሄዳል።

ገጹ ሙጫ ያለውና በላስቲክ የሚሸፈነው አልበምም ጠባቂ ይመስላል እንጂ ጠላት ነው፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ፎቶውን ያበላሻል፣ አላላቅቅም ብሎም ይይዘዋል። የተጣበቀ ፎቶ በጉልበት አይላቀቅ። መስታወት ላይ የተጣበቀም ካለ ባለበት ሆኖ መጀመሪያ በስልክ ይነሳ፤ ጥላ ባለው የቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ። ለዘመድ ሲላክ በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል። ሌላ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ዲስክም ይበላሻል።

በሚቀጥለው ጥየቃ ከሙዙና ከብርቱካኑ ጋር ለስላሳ እርሳስ ያዙ። ከጀርባ በቀስታ የተነሱትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ወደ ፊት ጎልቶ ይወጣል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይተላለፋል። ወረቀቱ የሚያንሸራትትና እርሳስ የማይዝ ከሆነ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። ዓመቱን ስትጽፉ ደግሞ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ለዩ፤ ከጀርባው 1968 ብቻ የተጻፈበት ፎቶ በአንዱ አቆጣጠር ከአብዮቱ በፊት፣ በሌላው ከአብዮቱ በኋላ የተነሳ ነው።