ከአያቶች ሳጥን የሚወጣው አሮጌ ገንዘብ

ከአገር ቤት በመጣ ሻንጣ ውስጥ፣ በፎቶግራፎችና በአሮጌ ደብዳቤዎች መካከል፣ አንዳንድ ጊዜ የታጠፈ የወረቀት ገንዘብ ይገኛል። ልጆች አንስተው «ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። አዋቂውም ባንክ እንደማይመነዝረው ስለሚያውቅ ሊጥለው ያስባል። ውድ አንባቢያን፣ ከመጣሉ በፊት ወረቀቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በቅኝ ግዛት ዘመን ለአፍሪካ የታተመ ገንዘብ በብዙ አገር ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዕቃ ነው። ለቤተሰብ ደግሞ አያቶች በማን አገዛዝ፣ በምን ገንዘብ ይገበያዩ እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊሬና ጠገራ ብር

ኢትዮጵያ እንደ ሌሎቹ የአፍሪካ አገሮች ቅኝ አልተገዛችም። ሆኖም ጣልያን ከ1936 እስከ 1941 ድረስ አገሪቱን ይዞ በቆየበት ጊዜ ሊሬውን ሕጋዊ ገንዘብ አድርጎ አወጀ። የ1938 እና የ1939 ቀን የተጻፈባቸው ባለ 50፣ ባለ 100፣ ባለ 500 እና ባለ 1000 ሊሬ ኖቶችም ታተሙ። መልካቸው የጣልያን ባንክ ኖት ሲሆን፣ «ልዩ እትም፣ የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ትርጉም ያለው የጣልያንኛ ጽሑፍ ተጨምሮባቸዋል። ሰብሳቢ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ይህን ጽሑፍ ነው፤ በጣልያን አገር ይሠራበት ከነበረው ገንዘብ የሚለየው እርሱ ነውና።

ገበሬውና ነጋዴው ግን ወረቀቱን አላመኑትም። የለመዱት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክና የ1780 ዓመት ያለበትን ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር መንግሥት ቢለወጥም ብርነቱ አይቀርም። ጣልያን ራሱ ይህን ስላወቀ በ1935 የመቅረጫውን ማኅተም ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮም ከተማ ጠገራ ብር ያስመታ ጀመር።

የሽልንግ ዘመን

በ1941 ጣልያን ተሸንፎ እንግሊዞች ሲገቡ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አብሯቸው ገባ። ሽልንግን ያወጣ የነበረው በ1919 በለንደን የተቋቋመ የገንዘብ ቦርድ ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የሚሠራበት ይኸው ገንዘብ በኢትዮጵያም ለጥቂት ዓመታት በሕግ ተሠራበት። በጦርነቱ ዘመን በነበሩት ኖቶች ላይ የንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ምስል፣ በጀርባቸው ደግሞ አንበሳ ይታያል። ዋጋቸው በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በጉጃራቲ ተጽፏል። ጉጃራቲ የገባው ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎች በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ስለነበሩ ነው።

ዛሬ በምንኖርበት አገርም ተመሳሳይ ነገር ነበር። በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ከ1927 ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን ፓውንድ ያወጣው እንዲሁ በለንደን የተቀመጠ ቦርድ ነው። ኖቶቹ በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በዕብራይስጥ ተጽፈው ነበር።

ኢትዮጵያ በሐምሌ 1945 የራሷን አዲስ ገንዘብ አወጣች፤ አንዱ ብር በ2 ሽልንግ ተመነዘረ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው እነዚህ ኖቶች አሜሪካ ውስጥ የታተሙ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ላይ የፈረመው የባንኩ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስ ነበር። ይህ የቅኝ ግዛት ገንዘብ አይደለም፤ ነገር ግን ከሊሬና ከሽልንግ ጋር ተደባልቆ ሊገኝ ስለሚችል ፊርማውን ማየት ይጠቅማል።

ዋጋው በምን ይወሰናል?

ብዙ ሰው ወረቀቱ ባረጀ ቁጥር የሚወደድ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታንጋኒካ የጀርመን ግዛት ነበረች። የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ስለዘጉ ከጀርመን ገንዘብ ማምጣት አልተቻለም። ስለዚህ ጀርመኖች በዳሬሰላምና በታቦራ ከተሞች የሩፒ ኖት በራሳቸው አተሙ። በ1917 የወጡት እንዲያውም በልጆች መጫወቻ የጎማ ማኅተም የታተሙ ናቸው። ታሪካቸው ይህን ያህል የሚያስገርም ሲሆን፣ ባለ 1 ሩፒው በብዛት ስለታተመ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም።

ዋጋውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ስንቱ ተርፏል? ትልልቅ ገንዘቦች አብዛኛውን ጊዜ በጥቂቱ ታትመው ወደ ባንክ ስለሚመለሱ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው። ሁለተኛ፣ ቀኑ፣ ፊርማውና ተራ ቁጥሩ የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ ወረቀቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው? እጅ ያልነካውና የተቀደደው ኖት አንድ ዓይነት ቢሆኑም የዋጋቸው ልዩነት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

እንዴት እንያዘው?

የቆሸሸ ቢመስል አይጠቡት፤ የተጨማደደ ቢሆን በካውያ አይተኩሱት። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉት፤ በፕላስቲክም አያስለብጡት። እንዲህ ያለው «ማሳመር» የሰብሳቢን ዋጋ ያጠፋል። በንጹሕና በደረቅ እጅ ጠርዙን ይዘው፣ ሳይታጠፍ፣ አሲድ በሌለበት ወረቀት መካከል ያኑሩት። ቦታው ፀሐይና እርጥበት የማይደርስበት ይሁን።

አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ «ይህ ዋጋ የለውም፣ ለማስታወሻ ልውሰደው» ቢል አይቸኩሉ። የፊቱንና የጀርባውን ፎቶግራፍ አንስተው ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት አዋቂዎችን ይጠይቁ። ሻጭ የሚጠራውን ዋጋ ሳይሆን፣ ተመሳሳዩ ኖት በጨረታ በስንት እንደተሸጠ ያጣሩ። አስመስለው የተሠሩ ኖቶች ስላሉም፣ መግዛት የሚፈልግ ሰው እንዲሁ ይጠንቀቅ።

አብዛኛው ወረቀት ቤተሰብን ሀብታም አያደርግም። ነገር ግን ልጆች በትምህርት ቤት «አቮዳት ሾራሺም» የተባለውን የቤተሰብ ታሪክ ሥራ ሲሰጣቸው፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ብዙም አይገኝም። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ፣ ገንዘቡን ማን እንዳገኘው፣ በምን ሥራ ወይም ሽያጭ እንደተከፈለው፣ ለምንስ ሳይመነዘር እንደቀረ ይጠየቁ። መልሳቸው በሌላ ወረቀት ተጽፎ ከኖቱ ጋር ይቀመጥ። የኖቱን ዓይነትና ዓመት ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል፤ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያውቁት ግን እነርሱ ብቻ ናቸው።