«ሂ ሴድ ሚ» ከየት መጣች?

«ሂ ሴድ ሚ» የምትለዋን እንግሊዝኛ ያልሰማ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ቢሮ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ቴሌግራም ላይ፣ እንግሊዝኛ በተጀመረበት ሁሉ አለች። እኔ ስሰማት ወዲያው ጆሮዬ ላይ የሚመጣው አማርኛው ነው፤ «አለኝ»።

የኛ «አለ» ሥራ ይበዛበታል። ዝም ያለውም ሰውዬ ብድግ ያለውም በሱ ነው የሚነገረው። ደግሞ የተነገረውን ሰው ራሱ ላይ ለጥፎ ይሄዳል፤ አለኝ፣ አለሽ፣ አላቸው። የእንግሊዝኛው «ሴይ» እንዲህ አይደለም። የሚይዘው የተባለውን ነገር እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሰውየውን ማስገባት ከፈለጋችሁ «ቱ» የግድ ትጨመራለች፤ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»። «ቱ»ን ካልፈለጋችሁ «ቴል» አለላችሁ። እሱ እንደኛ «ነገረ» ሰው ይይዛል፤ «ሂ ቶልድ ሚ»፣ ነገረኝ። (የሚያፈነግጡም አሉ። እውነትም ውሸትም ተረትም የ«ቴል» ናቸው፤ «ቴል ዘ ትሩዝ» እንጂ «ሴይ ዘ ትሩዝ» አይባልም። ሰላምታና ይቅርታ ግን ወደ «ሴይ» ሄደዋል። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።)

እውነቱን ለመናገር «ሂ ሴድ ሚ» ማንንም አይጎዳም። የሰማው ፈረንጅ ፈገግ ቢል ነው፤ ሐሳቡ ግን ይገባዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ሰዋስዉ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ የሚገለበጠው።

«ሹፌሩ ነገ አልመጣም አለ» ስንል የማይመጣው ማን ነው? ሹፌሩ ነዋ! አማርኛ የሰውን ንግግር ሳይነካ እንዳለ ያመጣዋል፤ «አልመጣም» ውስጥ ያለው «እኔ» የሹፌሩ «እኔ» ነው። እንግሊዝኛ ላይ ግን ትእምርተ ጥቅስ ካልተደረገ በስተቀር «አይ» ማለት ሁልጊዜ የሚያወራው ሰው ራሱ ነው።

ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የነበረች ጓደኛዬ ለፈረንጅ አለቃዋ በዋትስአፕ «ዘ ድራይቨር ሴድ አይ ዊል ኖት ካም ቱሞሮ» ብላ ጻፈች። አለቃዋ የተረዳው እሷ እንደማትመጣ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስትገባ ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ሹፌሩ እንደሚቀር ያወቀ ስላልነበረ እንግዶቹ ቦሌ ኤርፖርት ቆመው መኪና ይጠብቃሉ። የቀኑ ክፍያ ቀረባት፤ በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። የጎደለው እኮ «አይ»ን «ሂ» ማድረግ ብቻ ነበር!

ይሄ የሆቴል ነው፤ የአንድ ቀን ገንዘብ ነው። ሰው አገር ጥገኝነት የሚጠይቅ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ «እገድልሃለሁ አለኝ» ቢልስ? ቃል በቃል ስታስቀምጡት «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ኪል ዩ» ይሆናል። «ቶልድ» ልክ ነው፤ ሰዋስዉም ምንም አይወጣለትም። ግን ገዳዩ ማን ሆነ? የተዛተበት ልጅ ራሱ ዛቺ ሆኖ ቁጭ አለ። ደህና አስተርጓሚ «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ኪል ሚ» ይላል። «አይ» ወደ «ሂ» ሄደ፣ «ዩ» ወደ «ሚ» መጣ፣ ነገሩ ያለፈ ስለሆነ «ዊል» «ዉድ» ሆነ። ሦስት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ ግን ማን ማንን እንዳስፈራራ የሚለዩት እነሱ ናቸው።

ለአለቃ ወይም ለደንበኛ መልእክት ስትልኩ እኔ የምመክረው አቋራጭ አለ። «አለ»ን ጭራሽ አትተርጉሙት። «ዘ ድራይቨር ኢዝ ኖት ካሚንግ ቱሞሮ» በቂ ነው። ማን ነገረሽ ከተባላችሁ ያኔ «ሂ ቶልድ ሚ» ትላላችሁ። ሰውየው የተናገረውን ቃል በቃል ማስፈር የግድ ከሆነ ትእምርተ ጥቅስ አድርጉበት፤ ስልካችሁ ኪቦርድ ላይ አለች፣ ማንም አይነካትም እንጂ።

አጠራሩንም ሳልጠቅስ አልለፍ። ፊደሉን እያየን «ሴይድ»፣ «ሴይስ» እንላለን፤ አነባበቡ ግን አጠር ብሎ «ሴድ» እና «ሴዝ» ነው። ካላመናችሁኝ ስልካችሁ ላይ መዝገበ ቃላት ክፈቱና የድምፅ ማጉያዋን ምልክት ነካ አድርጓት።