መድኃኒት ጀምረሽ እግርሽ ላይ ነጠብጣብ ከወጣብሽ

ጉሮሮሽን አመመሽ እንበል። ሳዑዲ ውስጥ ከ2018 ወዲህ ፋርማሲዎች አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ወረቀት እንዳይሸጡ ቁጥጥሩ ስለጠበቀ፣ አርብ ባጥሐ ስትወጪ ጓደኛሽ ከራሷ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጠችሽ። መዳም ደግሞ ብሩፈን ጨመረችልሽ። ጉሮሮሽ ዳነ። ከሳምንት፣ ከአሥር ቀን በኋላ ግን ከቁርጭምጭሚትሽ እስከ ባትሽ ነጠብጣብ ወጣ። "ክሎሮክሱ ነው"፣ "ሙቀቱ ነው" ትያለሽ። መድኃኒቱንማ ረስተሽዋል።

ሐኪሞች ቫስኩላይተስ ይሉታል፤ የደም ሥር መቆጣት ማለት ነው። ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ፣ ከቆዳ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይቆጣሉና ደም ያፈሳሉ። ሰውነት ለዚህ ውጊያ እስኪዘጋጅ ቀናት ስለሚፈጅበት ነው ዘግይቶ የሚመጣው። ያንኑ መድኃኒት ደግመሽ ከወሰድሽ ግን ቶሎ ሊመለስ ይችላል። እግር ላይ የሚበዛው ደም ወደ ታች ስለሚጫን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትሠራ ሰው ደግሞ ይብሳል።

እንዴት ትለዪዋለሽ? ነጠብጣቡ ላይ የብርጭቆ ቂጥ ጫን አድርጊበት። ተራ ሽፍታ ሲጫኑት ይደበዝዛል፣ ይሄ ግን አይጠፋም። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ይመስላል። ስለዚህ በጣትሽ ዳብሺው፤ ብዙ ጊዜ ጎርበጥ ይላል።

በብዛት የሚጠረጠሩት እንደ አሞክሳሲሊንና ኦግመንቲን ያሉ የፔኒሲሊን ዘመዶች፣ ባክትሪም፣ እንዲሁም እንደ ብሩፈንና ቮልታረን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ሁልጊዜ ግን መድኃኒቱ አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ ራሱም ያመጣዋል። ለዚህ ነው መመርመር ያለብሽ።

በራስሽ የጀመርሽው ከሆነ አቁሚው። ሐኪም ያዘዘልሽ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ ግን ዝም ብለሽ አታቋርጪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጠይቂ። ለሕመሙ ብለሽ ሌላ ብሩፈን አትጨምሪበት። ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ እስከዚያው እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ።

የሚያሳስበው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲነካ ላያምሽ ይችላል፣ በሽንት ምርመራ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ባጥሐም ሆነ ሰፈርሽ ያለው ሙስተውሰፍ ስትሄጂ ቅባት ብቻ ተቀብለሽ አትውጪ። "ሐሳሲያ ሚን ደዋ" (ከመድኃኒት የመጣ አለርጂ) እና "ተህሊል በውል" (የሽንት ምርመራ) በይ። አረብኛው ቢከብድሽ ይህን ጽሑፍ አሳያቸው ማለት አይሠራም፤ ሁለቱን ቃላት በቃልሽ ያዢ።

ሽንትሽ ከቀላ፣ ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ከተኮሰሽ፣ ቆዳሽ ውኃ ከቋጠረ ወይም አፍሽ ከቆሰለ ነገን አትጠብቂ። ፊትሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ አምቡላንስ 997 ነው። ምክር ለመጠየቅ የጤና ሚኒስቴር 937 ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

መዳም "ቀላል ነው፣ ሥሪ" ካለችሽ የሐኪም ወረቀት ያዢ። የቤት ሠራተኞች ደንብ በሕክምና ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል።

ከጓደኛ የተቀበልሽው ተቆርጦ ስሙ የጠፋ ፍሬ ከሆነ ሐኪሙም ምን እንደወሰድሽ ማወቅ ይቸግረዋል። ካርቶኑን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሐኪሙ ጥፋተኛ ያለውን መድኃኒት ስም ደግሞ ጽፈሽ ከኢቃማሽ ጋር አስቀምጪ።